ሊኑክስ ተጭኖ አልነሣ ሲል፤ ከሊሎ እስከ ጎሐ

በዋግ ኽምራ፣ በሰቆጣም ሆነ በጽጽቃ፣ ለተበላሸ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ከሩቅ አገር አይጠራም። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ወደ አካባቢው በዘለቀ ጊዜ መብራቱም ስልኩም ባንድነት ተቋርጠው ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ አዲስ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒዩተር ጠፍቶ ሲበራ አልነሣ ቢል፣ ባለሙያው ሊጠይቀው የሚችለው ምስክር አንድ ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም መሣሪያው ከመቆሙ በፊት በስክሪኑ ላይ ጽፎት የቀረው ቃል ነው። ይህ ቃል የራሱ የሆነ ታሪክ አለው።

ሊኑክስ ራሱ ያደገው ባልነሣ ዲስክ ምክንያት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራውን ለዓለም ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር፤ በአገራችን ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወር ያህል መሆኑ ነው። ጥቂት ወራት ቈይቶ በስልክ መስመር ወደ ዩኒቨርሲቲው ለመደወል ሲሞክር፣ ለሞደሙ የታሰበውን ትእዛዝ በስሕተት በሃርድ ዲስኩ ላይ ጻፈው። እስከዚያ ቀን ይሠራበት የነበረው ሚኒክስ የተባለው ሥርዐት ተበላሸበት። ሚኒክስን መልሶ በመጫን ፈንታ ግን የገዛ ሥራውን ጉድለት ወደ ማሟላት ዞረ።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ሲበራ ባዮስ የተባለው ውስጣዊ ፕሮግራም ከዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት ብቻ አንብቦ ሥልጣኑን ያስረክባል። ከዚህ ውስጥ ለማስነሻው የሚተርፈው 446 ባይት ነው፤ ለአንድ አጭር ደብዳቤ እንኳ የማይበቃ ስፍራ ነው። ቨርነር አልመስበርገር እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ሊሎ የተባለው ማስነሻ በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ስሕተትን የመናገር ዘዴ አገኘ። አንዱን ደረጃ ባለፈ ቊጥር ከስሙ አራት የላቲን ፊደላት አንዱን ይጽፋል። አንዲት ኤል ብቻ ጽፎ ከቆመ፣ የመጀመሪያው ክፍል ተነሥቶ ሁለተኛውን መጫን አልቻለም ማለት ነው። ኤልና አይ ከታዩ ሁለተኛው ክፍል ተጭኗል፣ ሥራ ግን አልጀመረም። ሦስት ፊደላት ከታዩ ሥራ ጀምሯል፣ የአድራሻ ዝርዝሩን ግን ከዲስኩ ማንበብ አልቻለም። አራቱም ከተሟሉ ማስነሻው ደኅና ነውና ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ይፈለጋል። የሐኪም ምርመራ እንኳ እንዲህ አጭር አይሆንም።

የሊሎ ድካም ሌላ ነበር። ፋይል በስሙ መፈለግ አያውቅም፤ ከርነሉ በዲስኩ ላይ የተኛበትን አድራሻ ብቻ መዝግቦ ይይዛል። ስለዚህ አዲስ ከርነል አስገብቶ ሊሎን ዳግመኛ ማስመዝገብ የዘነጋ ሰው በማግሥቱ የማይነሣ መሣሪያ ይጠብቀው ነበር። ከዚህም በላይ የድሮው ባዮስ ከ1024ኛው ሲሊንደር ወዲያ ማንበብ ስለማይችል፣ ትልቅ ዲስክ የገዛ ሰው ከርነሉን በዲስኩ መጀመሪያ በተከለለ ትንሽ ክፍል ማኖር ግድ ሆነበት። ያ ልማድ ምክንያቱ ከጠፋ በኋላም ብዙ ቈይቷል።

ኤሪክ ቦሊን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ግራብ የፋይል ሥርዐቱን ራሱ ስለሚያነብ ይህን ችግር አቃለለው፤ የሊሎም ሥራ በ2015 ቆመ። በኋላ ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ደግሞ የራሱን ጣጣ አመጣ። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ በተጫነበት መሣሪያ ላይ የሊኑክስ መጫኛ ፍላሽ በአሮጌው የባዮስ መንገድ ቢነሣ፣ መጫኑ ያለ እንከን ይፈጸማል፤ መነሣቱ ግን ይቀራል። መድኃኒቱ ፍላሹን በትክክለኛው መንገድ አስነሥቶ፣ የተጫነውን ክፍል ከዩኢኤፍአይ ክፍል ጋር አያይዞ፣ ወደ ውስጡ ገብቶ ግራብን ዳግመኛ መትከል ነው። ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና የሚጭን ሰው፣ ፍላሹን ባነሣበት በዚያው መንገድ ካነሣው፣ ያንኑ ጥፋት ይደግማል።

መብራት በሚርቅበት አገር ግን ከሁሉ የሚብሰው ያረጀ የሰዓት ባትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ በተባለው ዕቅድ 5,000 ያህል ሊኑክስ የሚሠራባቸው ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። የዚያ ዐይነት መሣሪያ የሰዓቱ ባትሪ ሲደክም ቀኑ ልክ አይደለም ብሎ ሊኑክስን ሳያስነሣ ይቆማል። ተራው ኮምፒዩተርም ለወራት ሳይበራ ቈይቶ ባትሪው ቢሞት፣ የማስነሻውን ቅደም ተከተል ሊረሳ ይችላል፤ የፋይል ሥርዐቱም በሚመጣው ዘመን የተጻፈ መስሎት ምርመራ ጠይቆ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ሊኑክስን ከመክሰስ በፊት የሳንቲም መልክ ያላትን ባትሪ መለወጥ ይቀድማል።

ቃሉ የሚጻፍበት ቋንቋስ? በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ወክሎ የሚጽፍ ሥርዐት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ከ340 በላይ የፊደላችንን ምልክቶች ተቀበለ፤ የዋግ ሕዝብ የቋንቋውን ስም ኽምጣጛ ብሎ የሚጽፍባት ጛም ከነዚያው ውስጥ ናት። የሊኑክስ የጽሑፍ ስክሪን ባንድ ጊዜ የሚይዘው እስከ 512 ምልክት ነውና፣ ፊደላችንና ላቲኑ ተጣጥበው ይገቡበታል። ዴቢያን ለዚሁ የሚሆን ጎሐ የተባለ የፊደል ቅርጽ ይዟል፤ የንጋት ስም መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ጎሐ የሚጫነው ከርነሉ ከተነሣ በኋላ ነው። አዲሱ ግራብ በሥዕላዊ ስክሪን የዩኒኮድ ፊደል ማሳየት ቢችልም፣ የራሱን ፋይሎች ሲያጣ የሚያሳየው የአደጋ ጊዜ መጠየቂያ ያለ ፊደል ቅርጽ ፋይል ስለሚነሣ፣ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው።