የድንጋዩ መንገድ

መንዝ የድንጋይ አገር ነው። ከዘመሮ ወጣ ብሎ ለተመለከተ ሰው ቤቱም አጥሩም ድንጋይ ነው። ሰው ግን በገዛ አካሉ ውስጥም ድንጋይ ያበቅላል፤ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1901 ኤልየት ስሚዝ የተባለ ሊቅ፣ ኤል አምራ በሚባል የግብፅ መቃብር በተገኘ የአንድ ወጣት አፅም ውስጥ የፊኛ ድንጋይ አገኘ። የአፅሙ ዕድሜ ወደ 7,000 ዓመት ተገምቷል። በሂጶክራጥስ ስም የሚጠራው ቃለ መሐላም ሐኪሙ ድንጋይ ለማውጣት ቢላ እንዳያነሣ፣ ሥራውን ለሙያው ለተለዩ ሰዎች እንዲተው ያስምላል። ድንጋዩ እንግዲህ ጥንትም ይታወቅ ነበር። ተሰውሮ የኖረው መንገዱ ነው።

ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች መሆኑን ጌለን በ2ኛው መቶ ዓመት በእንስሳት ላይ ቱቦዎቹን በክር አስሮ አሳይቷል። ጥቂት ሰዎች ግን ይህ መንገድ ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ የተዛባ ነው። የአንዱ ቱቦ ከታላቁ የደም ሥር በስተኋላ ዞሮ ያልፋል፤ ይህን አፈጣጠር ሆክስቴተር እ.ኤ.አ. በ1893 ገልጦታል። የሌላው ከታች ጠብቦ ከላይ ይሰፋል። የሌላው ጫፍ ደግሞ ፊኛ ውስጥ እንደ ከረጢት ያብጣል። መልኩ ይለያይ እንጂ መዘዙ አንድ ነው፤ ሽንት ይዘገያል፣ በውስጡ ያለው ጨው ይዘቅጣል፣ ዝቃጩም ይጠጥራል። ቦይ የቀደደ ገበሬ ይህን አይስተውም፤ ውኃ ደለሉን የሚጥለው በዘገየበት ነው።

ይህን መንገድ በሕያው ሰው ላይ ያሳየን ሮንትገን ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ያገኘው ጨረር ነው፤ ከዐድዋ ድል አራት ወር ቀደም ብሎ ማለት ነው። ጨረሩ በመጀመሪያ ድንጋዩን ብቻ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1906 ከፊኛ ወደ ላይ በሚገፋ ፈሳሽ፣ በ1929 ደግሞ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ቱቦው ራሱ በፎቶግራፍ ታየ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ «ድንጋዩ የት አለ?» ብሎ ብቻ አልቀረም፤ «ለምን እዚህ ቆመ?» ብሎ ለመጠየቅ በቃ።

ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ ድንጋይን ያለ ቢላ፣ በሞገድ ብቻ መፍጨት ተችሏል። መንገዱ ካልቀና ግን የተፈጨው ተመልሶ ይጠጥራል። እኛ ዘንድ ድንጋይ የተመላለሰበት ሰው ውኃውን ያማል፣ ምግቡን ይረግማል። ውኃ ማነሱ በእርግጥ ይጎዳል። ሆኖም በአንድ ጎን ብቻ ደጋግሞ የሚታመም ሰው፣ ከድንጋዩ ይልቅ መንገዱን ይመርምሩልኝ ማለት ይገባዋል። ጥፋቱ የኑሮው ላይሆን ይችላል፤ አብሮት የተወለደ ሊሆን ይችላልና።