ካሮቲኖይዶች፦ በሰውነት ውስጥ ያላቸው መስተጋብር

ካሮቲኖይዶች ለአትክልትና ፍራፍሬ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለም የሚሰጡ፣ በስብ የሚሟሙ ውህዶች ናቸው። የሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 የለቀቃቸው «ኩልፎ» እና «ቱላ» የተባሉ ብርቱካናማ ስኳር ድንቾች ቤታ ካሮቲን በተባለው ካሮቲኖይድ የታወቁ ናቸው፤ የተለመደው ነጭ ስኳር ድንች ግን ከሞላ ጎደል የለውም። ጎመን ሉቲን፣ ቲማቲም ደግሞ ላይኮፒን የተባሉ ሌሎች ካሮቲኖይዶችን ይይዛሉ።

እነዚህ በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ አንጀት ውስጥ ይሻማሉ። ሁሉም ከስብና ከሐሞት በሚሠሩ ጥቃቅን ጠብታዎች ተጭነው፣ በከፊልም በጋራ ማጓጓዣ ፕሮቲኖች ወደ ሕዋስ ስለሚገቡ፣ አንዱ እጅግ ሲበዛ የሌላውን መመጠጥ ሊቀንስ ይችላል። ሽሚያው የሚጎላው ግን በእንክብል በሚወሰድ ከፍተኛ መጠን እንጂ በተለመደ ምግብ አይደለም። ቤታ ካሮቲን በአንጀት ኢንዛይም ተሰንጥቆ ቫይታሚን ኤ ይሆናል፤ ሉቲንና ላይኮፒን አይሆኑም። ሰውነት ቫይታሚን ኤ ሲበቃው ስንጠቃውን ይቀንሳል።

ያለ ስብ የካሮቲኖይዶች መመጠጥ ደካማ ነው፤ ብርቱካናማውን ስኳር ድንች ያለ ቅቤ ወይም ዘይት መብላት ብክነት ነው። በእንክብል መውሰድ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በፊንላንድ አጫሾች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን በእንክብል በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኝቷል።