ተከታይ ሞልቶ ገዢ ለምን ይጠፋል? ትንሽ ንግድ ላላችሁ

ቴሌግራም ላይ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ቻናል ክፈቱና ሁለት ቁጥር እዩ። አንዱ ከላይ ያለው የአባላት ብዛት ነው። ሌላው ከእያንዳንዱ ፖስት ስር፣ ከዓይን ምልክቷ አጠገብ ያለው የተመልካች ብዛት ነው። 20,000 አባል ኖሮት ፖስቱን 200 ሰው ብቻ ካየው፣ አብዛኛው አባል ወይ የተገዛ ነው ወይ ቻናሉን ረስቶታል። 600 አባል ኖሮት 400 ሰው የሚያየው ግን እሱ ሱቅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው "ስንት ተከታይ አለኝ?" ሳይሆን "ስንቱ ያየኛል፣ ስንቱስ ይጠይቀኛል?" ነው። እዚያ ለመድረስ የሚረዱ ነገሮችን እንይ።

📌 1. ሜምበር አትግዙ
የሚሸጠው ሜምበር በአብዛኛው ቦት ነው፤ ቦት ጫማ አይገዛም። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ደግሞ ጭራሽ ይጎዳችኋል። እነሱ ፖስታችሁን መጀመሪያ ለጥቂት ሰው አሳይተው፣ ሰው ከወደደው ያሰፉታል፤ ዝም ካለው ያቆሙታል። የተገዛ ተከታይ ሁሌም ዝም ነው። "ላይክ፣ ሼር፣ ታግ አርጉ" ብሎ መለመንም አያዋጣም፤ ፌስቡክ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያሉ ፖስቶችን ወደ ታች እንደሚገፋ አሳውቋል።

📌 2. አንዱን መተግበሪያ ለማግኘት፣ ሌላውን ለማቆየት
ቲክቶክ የማያውቃችሁን ሰው ያመጣል፤ ዛሬ ያያችሁ ሰው ግን ነገ ላያያችሁ ይችላል። ቴሌግራም ቻናል ላይ የምትለጥፉት ለሁሉም አባል ይደርሳል፤ አዲስ ሰው ግን በራሱ ብዙም አያመጣም። ቲክቶክ ላይ ሥራችሁን አሳዩ፣ ፕሮፋይላችሁ ላይ የቴሌግራም ቻናላችሁን ስም ጻፉ፣ ሽያጩን እዚያ ጨርሱ።

📌 3. ዋጋ ጻፉ
"ዋጋ በኢንቦክስ" የምትለዋ ነገር ብዙ ገዢ ታባርራለች። ሰው "ፊቴን አይቶ ሊጨምርብኝ ነው" ብሎ ያልፋል። ዋጋ፣ መጠን፣ ቀለም፣ አድራሻ፣ ዴሊቨሪ ይጨምር አይጨምር፣ ሁሉንም እዚያው ጻፉ። "ተፎካካሪ ያየዋል" ካላችሁ፣ ተፎካካሪማ እንደ ደንበኛ ሆኖ ኢንቦክስ መጠየቅ ይችላል።

📌 4. ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሥራውን አሳዩ
ከኢንተርኔት የተለቀመ ፎቶ "ፎቶው ሌላ፣ ዕቃው ሌላ" ያስብላል። በራሳችሁ ስልክ፣ መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አንሱ።

ለምሳሌ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ ልጅ አለች እንበል። የተሰቀለ ቀሚስ ብቻ በየቀኑ ብትለጥፍ ማን ምን ብሎ ይመልስላታል? ሸማኔው ጥለቱን ሲሠራ የ20 ሴኮንድ ቪዲዮ ታሳይ። ሁለት ጥለት ጎን ለጎን አድርጋ "ለፋሲካ የትኛው ይሠራ?" ብላ ድምፅ ታሰጥ። ከዚያ ያሸነፈውን በትክክል ታሠራውና ታሳይ። የመረጠው ሰው ውጤቱን ለማየት ይመለሳል። ተሳትፎ የሚባለው ይሄ ነው።

📌 5. ወቅቱን እወቁ
ቀሚስ በበዓሉ ዋዜማ አይታዘዝም፤ ትእዛዙን ሳምንታት ቀድማችሁ ክፈቱ። ኬክ የምትሠሩ፣ በዓቢይ ጾም 55 ቀን የጾም ኬክ ካላሳያችሁ ብዙው ተከታይ ዝም ይላችኋል። ውጭ አገር ደንበኛ ካላችሁ ሰዓቱን አስቡ፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከሰዓት ነው፣ ዱባይ ግን ከእኛ በ1 ሰዓት ብቻ ይቀድማል።

📌 6. መልሱን ሰው ፊት ስጡ
ቻናላችሁን ከግሩፕ ጋር አገናኙና ኮሜንት ክፈቱ። አንድ ሰው "38 ቁጥር አለ?" ሲል ያልጠየቁ ሌሎችም መልሱን ይጠብቃሉ። የሚደጋገመውን ጥያቄ ሰብስባችሁ ፒን አርጉት። ቅሬታ ሲመጣ አታጥፉ፤ "ይቅርታ፣ እንቀይርልዎታለን" ብላችሁ በትክክል ቀይሩ። ሌላው ገዢ የሚያምናችሁ ያኔ ነው።

📌 7. ያፈራችሁትን ጠብቁ
ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ዛሬውኑ አብሩ። በስልካችሁ የመጣ ኮድ ለማንም አትስጡ፤ አካውንቱ ከሄደ ቻናሉም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ገንዘብ "ልኬያለሁ" ብሎ ስክሪንሾት ለሚያሳይ ሰው ደግሞ፣ ዕቃ ከመስጠታችሁ በፊት የራሳችሁን ቴሌብር ወይም ባንክ ሂሳብ ተመልከቱ። ስክሪንሾት ይቀነባበራል።

በመጨረሻ አንድ ደብተር ያዙ። በየሳምንቱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰው ጠየቀ፣ ስንቱ ገዛ፣ ስንቱ ተመልሶ መጣ። ሦስተኛው ቁጥር ካደገ፣ የተከታይ ብዛት ባያድግም ንግዳችሁ ቆሟል ማለት አይደለም፤ እንደውም ሥር እየሰደደ ነው።

እናንተስ? ከኦንላይን ሻጭ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? ሻጮችም ያንብቡት፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልን 👇