ስለ እናርያ የወርቅ መንገድና ስለ ኢዮቤልዩ ትርጓሜ



የደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ስለ ደረሰ፥ እኛ የምንኖርባት የጅማ፥ የሊሙ፥ የጎማና የጌራ አገር ከዓለም ጋር በምን መንገድ እንደ ተገናኘች በአጭሩ ልንጽፍ ወደድን። ዛሬ ይህ አገር ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ቡና ነው። ከአጋሮና ከሊሙ ገነት የሚወርደውን ጭነት ያየ ሰው፥ አገሩ ከጥንት ጀምሮ በቡና የታወቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ይህ ወገን የሚነሣው በወርቁ ነበር፤ የወርቁም አገር ዳሞት፥ ኋላም እናርያ ተብሎ ይጠራ ነበር። የባሕር ማዶ ሰዎች የጻፉትን ከእኛ ነገር ጋር ለማስተያየት እንዲመች፥ ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

በዚያ ዘመን ዳሞት የተባለው የዛሬው የጎጃሙ ዳሞት አልነበረም፤ ከዐባይ ወዲህ በደቡብ ያለ ሰፊ አገር ነበር። እናርያም በጊቤ ወንዝ ራስጌ፥ ዛሬ ሊሙ በምንለው አገር ዙሪያ ነበረ። ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1316 እና በ1317 ዓመት ወደ ዳሞትና ወደ ሐድያ ዘምቶ አገሩን ካስገበረ በኋላ፥ የደቡብ ወርቅ ወደ ነገሥታቱ ግምጃ ቤት ይገባ ዠመር። በ1332 ዓመትም ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር ጽኑ ጦርነት አደረገ። የዚህን ጦርነት ምክንያት በሃይማኖት ልዩነት ብቻ መተርጐም አይበቃም። ወርቁ የሚወጣው ከምዕራብ፥ ባሕሩ ያለው በምሥራቅ በዘይላ ነበርና፥ በመካከል ያለውን መንገድና ኬላ የያዘ ሰው ቀረጡንም ኀይሉንም ይይዝ ነበር። ስለዚህ የእናርያ ምድር ከጦርነቱ ስፍራ እጅግ የራቀች ብትሆንም፥ ነገሥታቱ ለሚጣሉበት ነገር ምንጩ እርስዋ ነበረች።

ንግዱም እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል። ከሰሜን ምሥራቅ ቆላ፥ ከአርሆ፥ ጨው እየተፈለጠ አሞሌ ሆኖ በግመልና በበቅሎ፥ በአህያና በሰው ጫንቃ ይጓዝ ነበር። አሞሌው ገንዘብም ሸቀጥም ነበር፤ ከወጣበት ስፍራ በራቀ መጠንም ዋጋው ይጨምር ነበር። በደቡብ አገር በደረሰ ጊዜ በወርቅ፥ በዝሆን ጥርስ፥ በኮረሪማ፥ በቀንድ ውስጥ በታሸገ ዝባድ ይለወጥ ነበር። ይህን ሁሉ ድካም ከሚሸከሙት ሲራራ ነጋዴዎች የሚበዙት እስላሞች ነበሩ፤ የክርስቲያን ነገሥታትም ቢሆኑ የራሳቸውን ሸቀጥ የሚልኩት አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱ እጅ ነበር። ነገሥታት በጦር ሲፋለሙ ነጋዴዎች በገበያ ይገናኙ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ፈረንጆች ወደዚህ ነገር የገቡት በኋላ ነው። የፖርቱጋል ንጉሥ ዳግማዊ ዮሐንስ የህንድን የቅመም መንገድና የክርስቲያኑን ንጉሥ አገር ፈልጎ እንዲያገኝ ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባለውን ሰው በ1487 ዓመት ላከው። እርሱም ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ፥ ነጋዴ መስሎ ከነጋዴዎች ጋር በቀይ ባሕር ወረደ፤ ካሊኩትንና ጎዋን፥ ሆርሙዝንና ሶፋላንም አየ። ከዚህ በኋላ በዐፄ እስክንድር ዘመን ወደ አገራችን ገባ። ነገሥታቱም ርስትና ሚስት ሰጥተው አከበሩት፤ ወደ አገሩ ይመለስ ዘንድ ግን አልፈቀዱለትም።

ቫስኮ ዳ ጋማም በ1498 ዓመት የአፍሪቃን ደቡብ ዞሮ ማሊንዲ በደረሰ ጊዜ፥ ባሕሩን አቋርጦ ካሊኩት የገባው ከማሊንዲ ባገኘው መንገድ መሪ ነው። እንደዚሁም ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከችው መልእክተኛ፥ ማቴዎስ የተባለው አርመናዊ፥ በነጋዴዎች መንገድ በህንድ በኩል አልፎ በ1514 ዓመት ሊዝቦን ደረሰ። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች አዲስ ምድር አገኙ ተብሎ ሲነገር በጥንቃቄ መስማት ይገባል፤ እያንዳንዳቸው የሄዱት ሌላ ሰው አስቀድሞ በረገጠው መንገድ ነውና።

በ1520 ዓመት የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ ወርደው ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል መጡ። ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በአገራችን ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 ዓመት ታተመ። ኮቪልያንም በሽምግልናው ዘመን ያገኘው እርሱ ነው። አልቫሬዝ ወደዚህ ወገን አልደረሰም፤ ነገር ግን ስለ አሞሌው አካሄድ፥ ስለ ዳሞት ወርቅ ጥሩነትም ጽፏል።

ከ1529 እስከ 1543 ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦርነት አገሩን አናወጠው፤ በ1557 ዓመትም ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። የባሕሩ በር ሲጠብ የደቡቡ አገር ለነገሥታቱ ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1580ዎቹ ዓመታት ወደ እናርያ በወረደ ጊዜ የእናርያው ገዥ ባዳንቾ ተጠመቀ። ያን ጊዜም የወርቁ መንገድ የካህናት መንገድ ሆነ፤ መስቀልና መጽሐፍ በዚያው በአሞሌው መንገድ ወደ ጊቤ አገር ገቡ።

በ1613 ዓመት ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ አንቶንዮ ፈርናንዴዝ የሚባለውን ኢየሱሳዊ ቄስ ከመልእክተኛው ከፍቁር እግዚእ ጋር ሰደደው። አሳቡም ከቱርኮች እጅ ተሰውሮ በእናርያ በኩል ወደ ማሊንዲ የሚያደርስ መንገድ እንዲፈልግና ደብዳቤውን ወደ አውሮፓ እንዲያደርስ ነበር። ተጓዦቹ ከጎጃም ተነሥተው ዐባይን ተሻግረው እናርያ ደረሱ። የእናርያው ገዥ ግን ይህ መንገድ ለፈረንጆች ቢገለጥ ምን እንደሚያመጣ አሰበና፥ በመልካም ቃል ተቀብሎ በሌላ አቅጣጫ ሰደዳቸው። እነርሱም በጀንጀሮ፥ ማለት ዛሬ የም በሚባለው አገር አለፉ፤ የጊቤንም ወንዝ የላም ቆዳ ነፍተው በእርሱ ተሻገሩ። ወደ ከምባታ፥ ቀጥሎም ወደ አላባ ደረሱ፤ በዚያም ተያዙና ከብዙ መከራ በኋላ ተመለሱ። ማሊንዲንም አላዩም። በዓለም ባሕር ሁሉ መርከብ የሰደደ መንግሥት ከእናርያ እስከ ባሕር ያለውን ምድር ሊያቋርጥ አልቻለም፤ የመንገዱን ምስጢር የያዙት የአገሩ ሰዎች ነበሩና።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። የኦሮሞ ሕዝብ በጊቤ አገር ሰፍሮ የሊሙን፥ የጎማን፥ የጉማን፥ የጌራንና የጅማን መንግሥታት አቆመ፤ የእናርያም ስም ሊሙ እናርያ ተብሎ ቀረ። በሊሙ የሰቃ ገበያ፥ በጅማም የሕርማታ የሐሙስ ገበያ የቀድሞውን መንገድ ወረሱ። ጥንት ተዘርቶ የነበረውም ክርስትና ፈጽሞ አልጠፋም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ከፋ የገቡ መንገደኞች ከጥንት የቀሩ ክርስቲያኖችን አግኝተዋል።

ነገር ግን፥ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የታሪኩ እኩሌታ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የተጓዘው ወርቅና ዝባድ ብቻ አይደለም፤ ሰውም ተሽጦበታል። አልቫሬዝ የዳሞትን ወርቅ ባመሰገነበት መጽሐፉ፥ ከዚያ አገር የሚወሰዱ ባሮች በዐረብ፥ በፋርስ፥ በህንድና በግብፅ እንደ በዙ መስክሯል። ከአገራችን በልጅነቱ ተወስዶ ከጌታ ወደ ጌታ የተሸጠ አንድ ሰው፥ መሊክ ዐምበር፥ በህንድ በአሕመድነጋር መንግሥት የጦር አለቃና የመንግሥቱ አስተዳዳሪ እስከ መሆን ደርሶ በ1626 ዓመት ሞተ። የእርሱ ስም በክብር ተጽፎ ቀረ፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ገመድ ታስረው የሄዱት ግን ስማቸውን የጻፈላቸው የለም። ከዚህም ንግድ ቀረጥ የተቀበሉት የእስላም ገዦች ብቻ አይደሉም፤ የክርስቲያን ነገሥታትም ተቀብለዋል። የሕርማታም ገበያ ከሌላው ሸቀጥ ጋር ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር። በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ዓመት ነው፤ ይህም ከረጅሙ ዘመን ጋር ሲመዛዘን እንደ ትናንት ነው።

ይህን በበዓል ቀን ማንሣት ለምን ያስፈልጋል? የሚል ቢኖር፥ መልሱ በበዓሉ ስም ውስጥ አለ። ኢዮቤልዩ ማለት በሕገ ኦሪት ቀንደ መለከት የሚነፋበት አምሳኛው ዓመት ነው፤ በዚያ ዓመት የተሸጠ ሰው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኑ፥ የተሸጠ ርስትም ወደ ባለቤቱ ይመለስ ዘንድ ታዝዟል። እንግዲህ የተሸጡትን ሳያስብ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ሰው የበዓሉን ስም ይዞ ነገሩን ትቶታል ማለት ነው። እነዚያ ሰዎች ወደ ወገናቸው አልተመለሱም፤ እኛ ልንመልሳቸው የምንችለው ወደ አሳባችንና ወደ ጸሎታችን ነው።

ስለዚህ ካህናት አባቶቻችን በዕጣንና በጸሎት ጊዜ፥ ከዚህ አገር ተወስደው በባሕር ማዶ የቀሩትን ሁሉ ያስቡልን ዘንድ እንለምናለን። እናንተም ምእመናን የአገራችሁን ታሪክ ለልጆቻችሁ በምትነግሩበት ጊዜ፥ ስለ ወርቁና ስለ ነገሥታቱ ከተናገራችሁ በኋላ፥ ጭነቱን የተሸከመውን ነጋዴ፥ ወንዙን ያሻገረውን መንገድ መሪ፥ በገመድ የተነዳውንም ሕፃን አትርሱ። ከሐሙስ ገበያ ስትመለሱ የምትረግጡት መንገድ የእነርሱም መንገድ ነበርና።