በመዳብ ማዕድን ውስጥ የሚገኙ የከበሩ ብረቶች

በመዳብ ማዕድን ውስጥ የሚገኙ የከበሩ ብረቶች ወርቅ፣ ብር፣ ፕላቲነምና ፓላዲየም ናቸው። ከመዳቡ ጋር በአንድ ድንጋይ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ተበትነው ስለሚገኙ ብዙውን ጊዜ ለብቻቸው አይቆፈሩም፤ መዳቡ ሲነጠር እንደ ተጓዳኝ ምርት ይወጣሉ። መጠናቸው ትንሽ ቢሆንም አንድ የመዳብ ሥፍራ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ጥያቄ የሚወስኑበት ጊዜ አለ።

አፈጣጠር

መዳብ በአብዛኛው የሚገኘው ከድኝና ከብረት ጋር ተዋህዶ ነው። ዋናው የመዳብ ማዕድን ካልኮፓይራይት ቀለሙ ናስ የመሰለ ቢጫ ስለሆነ ላላወቀው ሰው ራሱ ወርቅ ይመስላል። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ትኩስ ውኃ መዳብን ሲሸከም ወርቅና ብርንም አብሮ ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ ሁሉም በአንድ ሥፍራ ይዘቅጣሉ። በኢንዶኔዥያ የሚገኘው ግራስበርግና በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለው ቢንግሃም ካንየን ከመዳብ ጋር ብዙ ወርቅ የሚሰጡ ማዕድኖች ናቸው።

በምሥራቅ አፍሪካ

በአካባቢያችን መዳብና ወርቅ አብረው የሚገኙት በአረብ-ኑቢያ ጋሻ ዐለት ውስጥ ነው። ይህ ከ550 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ዐለት በኤርትራ፣ በትግራይ፣ በቤኒሻንጉልና በወለጋ ወደ ላይ ወጥቶ ይታያል። በጥንቱ ባሕር ወለል ላይ ከእሳተ ገሞራ ጋር የፈለቀ ትኩስ ውኃ መዳብ፣ ዚንክ፣ ወርቅና ብር የያዘ የሰልፋይድ ክምር ጥሎ አልፏል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ የሚገኘው ተራክምቲ ከእነዚህ አንዱ ነው። (በወለጋ ዩብዶ የሚታወቀው ፕላቲነም ግን ከመዳብ ጋር የተያያዘ አይደለም።)

እንዲህ ያለ ክምር ለዝናብና ለአየር ሲጋለጥ አናቱ ይዝጋል። መዳቡ ሟሙቶ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ወርቁ ስለማይዝግ ቀይ ቡናማ በሆነው ኮፍያ ውስጥ ይቀራል። ከሥሩ የሰረገው መዳብ ተከማችቶ የበለጸገ ንብርብር ይሠራል፤ ከዚያ በታች ያልተነካው የመዳብና የዚንክ ሰልፋይድ ይገኛል። ከአስመራ በስተምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የቢሻ ማዕድን ይህንኑ ቅደም ተከተል ተከትሎ ነው የተቆፈረው፦ በ2011 እ.ኤ.አ. በወርቅና በብር ጀምሮ፣ በ2013 ወደ መዳብ፣ በ2016 ደግሞ ወደ ዚንክ ተሸጋግሯል።

የመንዝ ዐለት

የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መሐል ሜዳ የተቀመጠችው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት ላይ ነው። የመንዝ ቤት ግድግዳ የሚካብበት ጥቁር ድንጋይ ይኸው ነው። ወደ መርሐ ቤቴ በኩል በጀማ ሸለቆ ሲወረድ ከባዛልቱ ሥር የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ይታያል፤ የጋሻው ዐለት ከእነዚህም በታች ተቀብሯል። በመንዝ የሚሠራ የመዳብ ማዕድን የሌለውም በዚህ ነው።

ባዛልት ራሱ ከመዳብ ፈጽሞ ባዶ አይደለም፤ በአንድ ቶን ውስጥ በአማካይ 100 ግራም ገደማ ይገኛል። ነገር ግን ግማሽ በመቶ መዳብ ያለው ተራ የማዕድን ድንጋይ በቶን 5 ኪሎ ግራም ይይዛል። ልዩነቱን የሚያጠበው ድኝ ነው። በሩሲያ ኖሪልስክ ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከባዛልቱ ጋር የመጣው ቅልጥ ዐለት ከሥሩ ካሉ ደለላዊ ድንጋዮች ድኝ ወስዶ ኒኬል፣ መዳብና ፓላዲየም የያዘ ሰልፋይድ አስቀምጧል፤ ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የፓላዲየም ምንጮች አንዱ ነው። መንዝ ከእሳተ ገሞራው ያገኘው ሌላ ሀብት ነው፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የታወቀው የመዘዞ ኦፓል።

አወጣጥ

ድንጋዩ ተፈጭቶ በውኃ፣ በኬሚካልና በአየር አረፋ ይንሳፈፋል፤ ከአረፋው ጋር የሚወጣው ዱቄት ሩብ ያህሉ መዳብ ሲሆን ወርቁና ብሩም በውስጡ አለ። ዱቄቱ ቀልጦ 99 በመቶ ገደማ ንጹሕ የሆነ የመዳብ ሳህን ይሆናል። ሳህኑ በአሲድ መታጠቢያ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት መዳቡ ወደ ሌላው ሳህን ይሻገራል፤ የማይሟሙት ወርቅ፣ ብርና ፕላቲነም ከገንዳው ሥር እንደ ጥቁር ጭቃ ይዘቅጣሉ። የከበሩት ብረቶች የሚለዩት ከዚህ ጭቃ ነው።

በዛገው አናት ላይ ያለው ወርቅ ግን በሳያናይድ ይታጠባል። በዚያ ውስጥ መዳብ ከተረፈ ሳያናይዱን እየበላ ወጪውን ያንረዋል፤ ስለዚህ መዳብ ለወርቅ አውጪ ሁልጊዜ መልካም ጎረቤት አይደለም።

ገቢና ግብር

ማቅለጫ የሌላቸው አገሮች የሚሸጡት ዱቄቱን ነው። ገዢው ለወርቁና ለብሩ የሚከፍለው በናሙና ምርመራ በተረጋገጠው መጠን ሲሆን፣ ጭነቱ ለመዳብ ብቻ ከተመረመረ ቀሪው ሳይመዘገብ ያልፋል። በኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ለከበሩ ማዕድናት ከሌሎች የብረት ማዕድናት ከፍ ያለ ሮያሊቲ ስለወሰነ፣ በአንድ ጭነት ውስጥ ያለው መዳብና ወርቅ ለየብቻ መለካታቸው የመንግሥትን ድርሻ ይለውጠዋል።