የታማሚ ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ከጉና ተራራ ማዶ ያለውን አገር፣ ላይና ታች ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የሚያውቅ ሰው ወሳንሳን ያውቃል። በሁለት ረጃጅም እንጨቶች መካከል ገመድ ወይም ጠፍር ተወጥሮ የሚሠራ የታማሚ መሸከሚያ ነው። ከበሽሎ ወይም ከዓባይ ቆላ ሰው ሲታመም፣ ወይም እናት ምጥ ሲጠናባት፣ ጎረቤቱ ተጠራርቶ በአራት በአራት እየተቀባበለ ዳገቱን ያወጣታል። መድረሻው ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ነው። ሙስሊሙ በዚህ አገር ጥቂት ነውና ከተሸካሚዎቹ የሚበዙት ክርስቲያኖች ናቸው። ታማሚው ሙስሊም ሲሆን ትከሻቸውን አይነፍጉም፤ እኛም አንነፍጋቸውም።

ብዙዎቻችን በሽተኛን መንከባከብ የደግ ልብ ሥራ ብቻ ይመስለናል። ታዲያ ታማሚው ደግ ልብ ያለው ሰው ባያገኝስ? ዲናችን ነገሩን ለሰው ስሜት አልተወውም። ታማሚን መዘየር ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ እንደሆነ ሐዲስ ያስተምረናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግላቸው የነበረ አንድ የአይሁድ ልጅ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው ራስጌው ተቀምጠዋል። በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) በቀስት ሲቆስል፣ በቅርብ እንዲዘይሩት በመስጂዳቸው ውስጥ ድንኳን አስተክለውለታል። ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ የምትባል ሴት ነበረች። ከዚያ ቀደም ብሎ በኡሑድ ዘመቻ ለቁስለኞች ውኃ ስታጠጣ የዋለችው ኡሙ አይመን ደግሞ የሐበሻ ሴት ነች። በዚህ ረገድ እኛ ሐበሾች ለታሪኩ ባዕድ አይደለንም።

ያ የመስጂድ ድንኳን ከዘመናት በኋላ ቢማሪስታን ሆነ፤ ቃሉ የፋርስ ሲሆን የበሽተኞች ቤት ማለት ነው። ሱልጣን ኑር አድ-ዲን በደማስቆ በ1154 እ.ኤ.አ አንዱን አሠራ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ቀላውን ገና አሚር ሳለ ደማስቆ ላይ በጠና ታሞ ከዚያው ቢማሪስታን በመጣለት መድኃኒት ዳነ፤ አላህ ሥልጣን ቢሰጠው በካይሮ መሰሉን ሊሠራም ነዝር ገባ። ሱልጣን ሲሆን በ1284 እ.ኤ.አ ሥራውን አስጀመረ። ለዚህ የበሽተኞች ቤት የገበያ ሱቆችንና ሌሎች ንብረቶችን ወቅፍ አደረገለት። ሀብታምም ድኻም፣ ወንድም ሴትም፣ የሩቅም የቅርብም ሰው እስኪድን ድረስ ሳይከፍል እንዲታከም የወቅፉ ሰነድ ወሰነ። ልብ በሉ፤ ታማሚው የሚታከመው ሐኪሙ ስላዘነለት ሳይሆን በሰነድ የጸና ሐቅ ስላለው ነው።

ታሪክን የምንናገር ከሆነ ግን ሙሉውን እንናገር። ግንባታው በጥድፊያ ተከናውኖ ሰዎች በግዴታ ሠርተውበታል፣ ነዋሪዎችም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል ተብሎ ተጽፏል። በዚህም ምክንያት በዚያ መስገድን የተጠራጠሩ ዑለማ ነበሩ። ታማሚን ለመርዳት ሲባል ጤነኛውን መበደል እንደማይገባ ያን ጊዜም የሚያስብ ነበረ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ጊዜ ከጋይንት በስተሰሜን ምዕራብ ባለችው እብናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረኃብተኞች በመጠለያ ተሰብስበው ነበር። በሚያዝያ ወር ሹሞች ሕዝቡን ወደ አገራችሁ ተመለሱ ብለው በኃይል አስወጡት፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ታማሚና ደካማ ሁሉ በእግሩ ጉዞ ጀመረ። እህሉም መድኃኒቱም ነበረ፤ የጠፋው የታማሚው ሐቅ ነው። ሰውን መመገብና ሰውን ማክበር ሁለት ነገር መሆናቸውን ከእብናት የበለጠ የሚያሳይ በአካባቢያችን አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ። ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በተተገበረው የዘርፉ ዕቅድ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና ግቦቹ አንዱ አደረገ። በክልላችን በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ተሠርቶ ለአራስ ገንፎ ይገነፋል፤ ቡናም ይፈላል። ገንፎው መድኃኒት አይደለም፤ ነገር ግን እናቲቱን ከቤትሽ አልወጣሽም ይላታል።

ሆኖም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት ስኳር ይዟቸው ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድኋቸው። ካርድ የሚያወጣው ወጣት ቀና ብሎ ሳያያቸው «አንተ፣ ስምህ ማን ነው?» አላቸው። የልጅ ልጃቸው ይሆናል። ምርመራው ደህና ነበር፤ መድኃኒቱም ተሰጣቸው። እርሳቸው ግን በቀጠሯቸው ቀን አልሄድም አሉኝ፤ ለምኜ ለምኜ አቃተኝ። ከወራት በኋላ እግራቸው ሲቆስል በወሳንሳ ወሰድናቸው። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከበስተኋላችን ረጅም ሰልፍ ነበረበት። ግን «እርስዎ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ባለሙያውን ብቻ መውቀስም ተገቢ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም የሕወሓት ታጣቂዎች ነፋስ መውጫን ለአሥር ቀን ያህል ይዘው ሳለ ሴቶች ተደፍረዋል፤ ሆስፒታሉም ተዘርፏል። ለተጠቁት ሴቶች ሕክምና በእጅጉ በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚታከሙበት ዕቃ አልነበረም። ባዶ መደርደሪያ ፊት የቆመች ነርስ ከርኅራኄ በቀር ምን ትሰጣለች?

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ የእኛው ዞን ፎገራ የሆነችለት ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዛሬ በስፋት ይታወቃል። ስለ መድን የሚነሣውን የፊቅህ ክርክር ዑለማ ይመልከቱት፤ እኔ የቁርኣን አስተማሪ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። የእህል ዘካ የሚወጣው በአጨዳው ጊዜ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ድኻው በዘካው እጁ ላይ ገንዘብ ቢያገኝ የመታከሚያውን አያጣም። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከሰደቃ ማውጣት እንችላለን።

ገንዘብ የሌለው ሰውስ? ሆስፒታል የተኛ ሰው አስታማሚ ከሌለው ምግብ የሚያቀብለው፣ የሚያገላብጠው አያገኝም። ባለፈው መኸር ከዐስር ሶላት በኋላ ይህንኑ ለጀመዓችን አነሣሁ። ስምንት ወጣቶች ከአልጋ አጠገብ ለማደር ተራ ያዙ። ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሳቀችብኝ፤ ሴቶቹ ተራቸውን ካወጡ ወር አልፏቸዋል።