አየሩ ዝም ሲል፤ ስለ ራዲዮ ጣቢያና ስለ መልሶ ማቆም

የሀገራችን የራዲዮ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር የሚወሳው ከማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የተበጠሰውን ሽቦ የቀጠለው ሰው ግን ስሙም አይነሣ። ንግግሩ ተመዝግቧል፣ ቀኑ ተቆጥሯል፣ ፎቶግራፉም በየመጽሐፉ ታትሟል። ለመሆኑ ጣቢያው ዝም ካለ በኋላ ማን መልሶ አናገረው? ይህች ጽሑፍ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። የምንለውም ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ጣቢያ ከአየር የሚወርደው በሁለት ዐይነት ማዕበል ነው። አንዱ ከሰማይ ይመጣል፤ ሌላው ከሰው። ከመጀመሪያው ለመመለስ ሽቦ፣ ገመድና ትዕግሥት ይበቃል። ከሁለተኛው ለመመለስ ግን ፈቃድ ያሻል፤ ከፈቃዱም በላይ ሥራውን ያልረሳ ሰው ያሻል።

«የታሪክና የቋንቋ ተማሪ ስለ አንቴና ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን ቀላል ነው። ቋንቋ ያለ አየር አይሰማም፤ ታሪክም የሚጻፈው ከተሰማው ነው። ያልተሰማው የት ይገባል?

ከልደታ እንነሣ። ዛሬ ሰዉ «አሮጌው ኤርፖርት» የሚለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ ዋና ከተማዋ የነበራት ማረፊያ ይኸው ነበር። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የጄት አውሮፕላን ዘመን ሲመጣ ልደታ ጠበበ፤ ሥራውም ወደ ቦሌ ዞረ። የዚያን ጊዜ አብራሪ በሐምሌ ደመና ውስጥ ሆኖ፣ ግራና ቀኙ ተራራ፣ የሚመራው ነገር ቢኖር ከመሬት የሚመጣ የራዲዮ ድምፅ ነው። የመሬቱ ራዲዮ በመብረቅ ዝም ቢል ከላይ ላለው ሰው ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። እንግዲህ ጣቢያን መልሶ ማቆም ለባለሙያ መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ የነፍስ ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አሁን የሰማዩን ማዕበል እንይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምቷም ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ነጎድጓድ አለው፣ በረዶ አለው፣ ነፋስም አለው። የአማተር ጣቢያ ደግሞ ኑሮው ጣሪያ ላይ ነው። አማተር የምንለው ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍቅር ብሎ፣ ከመንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብሎ፣ በተመደበለት ሞገድ ከዓለም ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ዋና ዕቃው ውድ መሣሪያ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ያለ አንቴና መሣሪያው ሣጥን ነው። በ7 ሜጋኸርዝ ለመሥራት ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ሽቦ፣ በ14 ሜጋኸርዝ ደግሞ ወደ 10 ሜትር የሚሆን ሽቦ ከመሐሉ ተከፍሎ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል ይወጠራል። በአጭር ሞገድ ከዚህ ከተማ ተነሥቶ ከሰማዩ የላይኛው ንብርብር እየነጠረ ውቅያኖስ የሚሻገረው ድምፅ ከዚህች ቀጭን ሽቦ ነው የሚወጣው።

ዐውሎ ነፋሱ ምሰሶውን ይጥላል፣ ሽቦውን ይበጥሳል። ዝናቡ በመጋጠሚያው በኩል ወደ ኬብሉ ይሰርግና ከውስጥ ያዝገዋል። መብረቅ ደግሞ የግድ አንቴናው ላይ መውደቅ የለበትም፤ በአቅራቢያ ሲወርድ በሽቦው ላይ የሚፈጥረው ኃይል ብቻ የመቀበያውን ስስ ክፍል ያቃጥላል፤ በመብራት መስመር በኩልም ይገባል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ደመና ሲጠቁር ገና አንቴናውን ከመሣሪያው ይነቅላሉ፣ የመብራቱንም ሶኬት እንደዚሁ። ወደ መሬት የሚያወርድ ግራውንድ መቅበር ግድ ነው፤ ይሁንና በቀጥታ ለወረደ መብረቅ ከመንቀል የተሻለ መድኃኒት የለም።

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ የመመለሱ ሥራ ቅደም ተከተል አለው፤ እኛም እዚህ ላይ መቆየት እንወዳለን፤ ምክንያቱም የታሪክ መጻሕፍት የሚዘሉት ይህንን ነው። መጀመሪያ ነጎድጓዱ ፈጽሞ እስኪርቅ ድረስ ማንም ጣሪያ አይወጣም፤ የወደቀው ሽቦ የመብራት መስመር ነክቶ እንደሆነም ሳይታይ በእጅ አይነካም። ቀጥሎ ሽቦው ይፈተሻል፤ የተበጠሰው ይቀጠላል፣ ይበየዳል። ከዚያ ኬብሉ በቴስተር ይለካል፤ ውሃ የገባበት ተቆርጦ ይጣላል፣ መጋጠሚያው በአዲስ ይታሰራል። ከዚያ ፊውዙና የኃይል ምንጩ ይታያል፤ መብራት ከሌለ የመኪና ባትሪ ይበቃል። መጨረሻ ላይ መሣሪያው ይከፈታል፤ ግን ወዲያው አይነገርበትም። ይደመጣል። ሌላው ጣቢያ ከተሰማ መቀበያው በሕይወት አለ ማለት ነው። ከዚያ በትንሽ ኃይል ብቻ ይላካል፤ ከአንቴናው የሚመለሰው ኃይል ይለካል። ብዙ ከተመለሰ አንድ ቦታ ስሕተት አለ፤ እንደገና ጣሪያ። ትንሽ ከሆነ፣ ያን ጊዜ «ሲ.ኪው.» ተብሎ ለማንኛውም ለሚሰማ ሰው ጥሪ ይደረጋል። መጀመሪያ አዳምጥ፣ ቀጥለህ ተናገር፤ ይህ ሕግ ለተማሪ ስብሰባም ቢውል አይጠላም!

ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያወጣ ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። የጣሊያኑ ኖቢሌ «ኢታሊያ» በተባለች የአየር መርከብ ከሰሜን ዋልታ ሲመለስ በግንቦት 25 በበረዶ ላይ ወደቀ። የራዲዮ ሠራተኛው ቢያጂ ከስብርባሪው መካከል ትንሿን የአደጋ ጊዜ ማሰራጫ አግኝቶ አንቴና አቆመና ቀን ከሌት ጠራ። ጥሪውን በቅርብ የነበረችው የራሳቸው መርከብ አልሰማችውም። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሰኔ 3 ቀን፣ የሰማው በሶቪየት ኅብረት በአንዲት ሩቅ የገጠር መንደር በራሱ እጅ በሠራው መቀበያ ሲያዳምጥ የነበረ ሽሚት የሚባል ወጣት አማተር ነው። ጄኔራሉ የዳነው በመንደርተኛው ጆሮ ነው ብንል አናጋንንም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ማዕበል እንሻገር። የአማተር ጣቢያን መብረቅ ከሚያወርደው ይልቅ መንግሥት የሚያወርደው ይበዛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ አማተሮቿን ሁሉ ዝም አሰኘች፤ እስከ 1919ም አልፈቀደችም። በታኅሣሥ 1941 እንደገና ዘጋች፤ የተከፈተው በ1945 ነው። ብሪታንያም በሁለቱም ጦርነቶች እንዲሁ አድርጋለች። ይሁንና በእነዚያ አገሮች አማተሩ ጸጥ ቢልም ዕውቀቱ አልጠፋም፤ ሰዎቹ ተቆጥረው፣ ክበቦቹ ተጠብቀው ቆዩ። ፈቃዱ በተመለሰ ማግስት አየሩ ሞላ።

የእኛስ? የአቃቂ ጣቢያ ሥራ የተጀመረው በጣሊያን ኩባንያ እጅ ሲሆን፣ አልቆ አገልግሎት የሰጠው በ1927 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዚህ ተነሥተው ለአሜሪካ ሕዝብ ተናገሩ። የጣሊያን ድርጅት የሠራው ጣቢያ የጣሊያንን ወረራ ለመክሰስ መዋሉ ታሪክ የማይሰለቸው ቀልድ ነው። ዳሩ ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላ የሆነውን እናውቃለን። በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀቁ፤ ጣሊያን እስኪገባ በነበሩት ሦስት ቀናት አዲስ አበባ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ለጋሲዮን ተከቦ ርዳታ ከብሪታንያ ለጋሲዮን ለመጠየቅ ፈለገ። ሁለቱም በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ነገር ግን በመካከላቸው መንገድም ስልክም አልነበረም። ታዲያ ምን ተደረገ? መልእክቱ በለጋሲዮኑ ራዲዮ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ ከዋሽንግተን ወደ ለንደን፤ ከለንደን ተመልሶ አዲስ አበባ። ጎረቤት ጎረቤቱን ለመጥራት ዓለምን ዞረ ማለት ነው። በዚያው ከተማ የነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን የሚጠራበት አንዳች ነገር አልነበረውም። ልዩነቱ ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ በእጅ ያለ መሣሪያና መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ነው።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ የአዲስ አበባ ስርጭት እንደገና በኢትዮጵያ ስም ተጀመረ። በታሪክ መጻሕፍት ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በእውነቱ ግን ስንት ምሰሶ፣ ስንት ቫልቭ፣ ስንት የእጅ ሥራ እንደፈጀ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የአጭር ሞገድ ዘመን አየራችንን አጨናነቀው፤ ግን በአመዛኙ በሌሎች እጅ። በአስመራ የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1977 ቆየ። በአዲስ አበባ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በየካቲት 1955 ዓ.ም. ተከፈተ፤ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት በሆኑ ሁለት ማሰራጫዎች አፍሪካንና እስያን ያዳርስ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ወረሰው፤ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ልብ በሉ፤ ምሰሶው ያው ምሰሶ፣ ማሰራጫውም ያው ማሰራጫ ነው። የተለወጠው የሚናገረው አፍ ነው። በእነዚያ ዓመታት «ኢ.ቲ.» የሚለው የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት በአማተሮች ዘንድ ብርቅ ሆነ። በሌላ አገር ያለ አማተር አንድ የኢትዮጵያ ጣቢያ ከሰማ ለዓመታት ሲያወራው ይኖራል። ብርቅ መሆን ለቴምብር ሰብሳቢ ደስታ ነው፤ ለአገር ግን ዝምታ ነው።

ከደርግ ውድቀት በኋላ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር «ኢ.ቲ.3ኤ.ኤ.» በሚለው ምልክት በአየር ላይ ተሰማ፤ የክበቡም ጣቢያ በአምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ግቢ ቤት አግኝቶ ለተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ሠርቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁለተኛው ማዕበል መመለስ ማለት ይኸው ነው፤ ፈቃድ ተገኘ፣ የሚያስተምር ተገኘ፣ የሚማር ተገኘ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ጣቢያው የመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ይሆን ነበር።

«ዛሬ ሁሉም በእጁ ስልክ ይዟል፤ ይህ ሁሉ ለምን?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ ከአሥር የሞባይል ማማዎች ከዘጠኝ የሚበልጡት ዝም አሉ። ያን ጊዜ ከቀይ መስቀል ጋር ተላልከው የሰዎችን ደኅንነት መልእክት ያስተላለፉት ባትሪና ሽቦ የያዙ አማተሮች ናቸው። ወደ ራሳችንም እንይ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙው የክልሉ ክፍልም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆየ። እናት የልጇን መኖር ሳታውቅ ወራት አለፉ። ያን ዝምታ አማተር ይሰብረው ነበር አንልም፤ በጦርነት ጊዜ መጀመሪያ የሚዘጋው እሱ መሆኑን ከላይ አይተናል። የምንለው ሌላ ነው፦ ሁሉም ድምፅ በአንድ መስመር የሚያልፍባት አገር፣ ያ መስመር በነፋስም ሆነ በትእዛዝ ሲቆረጥ፣ ሁለተኛ ጆሮ የላትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የአምስት ኪሎ ጓደኞቻችን ያላቸውን ዕውቀት ከግቢያቸው ያውጡት፤ ክበብ የጥቂቶች ጓዳ ሆኖ እንዳይቀር። ሁለተኛ፣ ልደታ ያለው የሕንፃና የአርክቴክቸር ግቢ አለ፤ ነፋስ የማይጥለው ምሰሶና መብረቅ የሚያወርድ ግራውንድ የእነርሱ ትምህርት ነው። ሁለቱ ግቢዎች ቢገናኙ ከአሮጌው ኤርፖርት ብዙም ሳይርቅ አንድ የተማሪ ጣቢያ ሊቆም ይችላል። ሦስተኛውና የእኛ ድርሻ፣ የሽቦ ቀጣዮቹን ታሪክ መሰብሰብ ነው። በቴሌ፣ በራዲዮ ጣቢያ፣ በአየር መንገድ ያገለገሉ ጡረተኛ ቴክኒሻኖች በየሠፈሩ አሉ። አባባ፣ እማማ ብለን ቀርበን ማሰራጫው ሲቃጠል በምን እንዳስነሡት ብንጠይቃቸው በየትኛውም መጽሐፍ የሌለ ታሪክ እናገኛለን። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ እነሱ ካለፉ በኋላ የሚቀርልን የንግግሮች ዝርዝር ብቻ ነው።

ማዕበል መምጣቱን ማንም አያስቀረውም፤ የሰማዩም ሆነ የሰው። አንድ ሕዝብ የሚለካው ጣቢያው ስንት ጊዜ እንደወደቀ ሳይሆን፣ በወደቀ ማግስት ጣሪያ ላይ የሚወጣ፣ ሽቦውን የሚያውቅ፣ ከመናገሩ በፊት የሚያዳምጥ ልጅ ያለው እንደሆነ ነው። ያ ልጅ ከእኛ መካከል ይኑር።